ዘጌን «አየሁት» ያልኩበትና ያየሁበት ጊዜ

ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ጣናን በየቀኑ አየዋለሁ። ሐይቁ ውስጥ የገባውን የዘጌን ልሳነ ምድር የረገጥኩት ግን በ34 ዓመቴ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ገዳማቱን ሳታዩ እንዳትሄዱ» ብዬ እልካለሁ፣ እኔ ራሴ አላየኋቸውም። የከተማችን ሰው ብዙው እንደኔ ነው። ስለዚህ ልጆች ላላችሁ፣ ለተማሪ ጉብኝት ለምታሰናዱ መምህራንም ይጠቅም ይሆናል ብዬ የደረሰብኝን ልጻፍ።

ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ጥቅምት ላይ ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ 15። እሷ መሳል ትወዳለች፣ ደብተሯን ሸክፋ ነው የመጣችው። ሐይቁ ዳር አንድ ደላላ ያዘንና «ግማሽ ቀን፣ ሦስት ገዳም፣ ምሳ ሰዓት ቤታችሁ ናችሁ» አለን። ደስ አለኝ። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ተነሳን።

የመጀመሪያው ማረፊያ የደሴት ገዳሙ ክብራን ገብርኤል ነበር። ክብራን ሴት አይገባም። እውነቱን ለመናገር አልሰማሁም ነበር ማለት አልችልም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ግን ደላላው ሁለት ሴትና አንድ ልጅ እያየ ዝርዝሩ ውስጥ ከከተተው ምናልባት ተለውጦ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። አልተለወጠም። እኔና የእህቴ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፣ ልጄ ከባለጀልባው ጋር ወጣ። በሩብ ሰዓት ተመለሰ።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«መጽሐፍ።»

«የምን መጽሐፍ?»

«ትልቅ።»

በቃ። ክብራን የብራና መጻሕፍቱ ዝና የት ድረስ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ያለቅሳል።

አጠገቡ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ የሴቶች ገዳም ናት፣ ሴትም ይገባል። ባለጀልባው ግን «እሷ በውላችን የለችም» ብሎ አለፋት። ዘጌ ደርሰን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሃያ ደቂቃ አየን። አስጎብኚው እንደ ቴፕ ነበር የሚያወራው፣ የእህቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ስትጠይቀው ካቆመበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀመረ። ስንመለስ ነፋስ ተነሳ። ሞተሩ መሀል ላይ ጠፋ። ላይፍ ጃኬት ሁለት ብቻ ነበር፣ ለልጆቹ አለበስኩ። ጣና እንደሚመስለን ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፊና ጎድጓዳ ያልሆነ ውሃ ግን ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ማዕበሉም አጭርና ተደጋጋሚ ስለሆነ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ሞተሩ ተነሳ፣ ደረስን። ልጄ አስመለሰው። እኔ ደግሞ ቤት ገብቼ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ዘጌን አየሁት፣ በጣም ያምራል» አልኩ።

ከዚህ የተማርኩትን እዚሁ ልጨርሰው። ጀልባ ከተከራያችሁ በጠዋት ውጡ፣ 1 ሰዓት ላይ ሐይቁ እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነው። ላይፍ ጃኬቱን ቆጥራችሁ ግቡ። የት የት እንደምትወርዱና ባለጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ ብሩን ሳትሰጡ ተነጋገሩ። ሴቶች ካላችሁ ክብራንና ዳጋ እስጢፋኖስ እንደማይገቡ አውቃችሁ ዕቅድ አውጡ። ዋጋ አልጽፍም፣ በየወሩ ይለዋወጣል።

ሁለተኛው ጉዞ የእህቴ ልጅ ሐሳብ ነው። «ለምን አናድርም?» አለች። ለምን አናድርም? የእናቴ የአክስት ልጅ ዘጌ ውስጥ ናቸው፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ለልቅሶ ባሕር ዳር ሲመጡ ካልሆነ አግኝቻቸው አላውቅም ነበር። ደወልኩ። «አንቺ ልጄ፣ ለመምጣት ደግሞ ይጠየቃል እንዴ!» አሉኝ። ታኅሣሥ ላይ በሚኒባስ በየብስ ሄድን፣ አፋፍ ወርደን የቀረውን በእግር። አፋፍ የልሳነ ምድሩ አንገት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከእሷ በኋላ ጫካው ይውጣችኋል። (መንገዱን በተመለከተ፦ የዚህን ዘመን ነገር ታውቃላችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።) ሦስት ሌሊት አደርን።

ዘጌ ሲባል ገዳም ብቻ ነበር የሚታየኝ። ጫካው ራሱ የገዳሙ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት እትዬ ቡና ሲያፈሉ ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። «በዚህ ትኖራላችሁ» ተባለ። ስለዚህ ዘጌ ውስጥ በበሬ ማረስ ነውር ነው፣ ከብትም አይረባም። ታሪኩን እመኑት አትመኑት የናንተ ነው፣ ውጤቱን ግን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ታርሶ ሜዳ ሆኗል፣ ዘጌ ግን ዋንዛው፣ ዋርካው፣ ሰሳው እንደቆመ ነው፣ ቡናውም ከሥራቸው ተጠልሎ ይኖራል። ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ ነው። ጦጣው ከላይ ያያችኋል። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የጫነ የሚመስል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ፣ ሲበር ክንፉ ስለሚያፏጭ ሳታዩት ትሰሙታላችሁ።

እትዬ ልጆቹን አላስጎበኟቸውም፣ ሥራ ነው የሰጧቸው። ቅርጫት አስያዟቸውና «ቀዩን ብቻ» አሏቸው። ልጄ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አረንጓዴውንም መልቀም ጀመረ። እትዬ አልተቆጡትም። አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ፍሬ አንስተው «ቅመሳቸው» አሉት። ቀዩ ጣፋጭ ነው፣ አረንጓዴው ምላስ ይይዛል። ከዚያ በኋላ አልተሳሳተም። ማታ የተለቀመውን የማድረቂያ አልጋ ላይ አሰጡት፣ የደረቀውን ጀንፈል ደግሞ ወቀጡ። ቡና ከዛፍ እስከ ሲኒ ስንት እጅ እንደሚያልፍ ልጄ አሁን ያውቃል፣ እኔ በ34 ዓመቴ አላውቅም ነበር።

ከቡናው ጥላ አንዱ ብርብራ ነው። እትዬ ጠፍጣፋ ፍሬውን እያሳዩን «ይሄ ተወቅጦ ውሃ ላይ ከተበተነ አሳውን ያሰክረዋል» አሉ። የእህቴ ልጅ ወዲያው «ትንንሾቹንስ?» አለች። ትንንሾቹንም ነው፣ ችግሩ እሱ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ዘመዳቸው ማታ መጥቶ የቀረውን አወራን። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ሊጥሉ እንደ ርብና ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። የወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቶቹን ከነእንቁላላቸው ይሰበስባቸዋል። «የዘንድሮን ስትበላ የሚመጣውንም በላህ ማለት ነው» አለ። ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ይህን ለማስረዳት ሁለት ገጽ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ላሳምር አልፈልግም። ጫካው የቆመው በነፃ አይደለም። ማረስ የለም ማለት እህል በሙሉ ከውጭ ይገዛል ማለት ነው። ቡና ባልያዘበት ዓመት ደግሞ ከጫካው ሌላ የሚሸጥ ነገር የለም፣ እንጨት ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር በጠዋት እንጨት ተጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች አይታችሁ ይሆናል፣ እኔ ልጅ ሆኜ «እንዴት ያምራል!» እያልኩ ፎቶ አነሳቸው ነበር። ያ እንጨት ከየት እንደሚመጣና ለምን እንደሚመጣ እትዬ ቤት ተቀምጬ ነው የገባኝ።

በሁለተኛው ቀን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ተመለስን። አሁን ጀልባ የሚጠብቀን የለም፣ ጊዜ አለን። ቅዳሴ እስኪወጣ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የተሰቀለው የድንጋይ ደወል ሲመታ ልጄ «ድንጋይ ነው?» ብሎ ሄዶ አየው። ድንጋይ ነው። ድምፁ ከብረት አያንስም። የጉልላቱ መስቀል ላይ ያለውን የሰጎን እንቁላልም እዚያው ቁጭ ብለን ነው ያየነው፣ በመጀመሪያው ጉዞ ማንም ቀና አላለም።

አንድ አዛውንት አባት እትዬን ስለሚያውቁ ራሳቸው አስገቡን። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ውጪው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሀሉ መቅደስ። ሥዕሉ ያለው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፣ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች። የእህቴ ልጅ ስልኳን አላወጣችም። ደብተሯን አሳየቻቸውና «አባ፣ ፎቶ ሳይሆን ብስለው ይፈቀዳል?» አለች። ሳቁ። «ሠዓሊውም እንዲያው ነው የጀመረው፣ ቁጭ በይ» አሏት። ሁለት ሰዓት ቆየን።

ሁለት ሰዓት አንድ ግድግዳ ስታዩ ምን እንደሚፈጠር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀለም ብቻ ነው የምታዩት። ከዚያ ዓይን ማየት ትጀምራላችሁ። የእህቴ ልጅ ናት ያስተዋለችው፦ «እነዚህ ሰዎች ለምን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?» አባ ደስ አላቸው። ደግ ሰው በሙሉ ፊቱ ይሣላል፣ ሁለት ዓይን አለው። ክፉው በጎኑ ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ታሪኩን የማያውቅ ሰው እንኳ ግድግዳውን ማንበብ ይችላል። ልጄ ጨዋታ አደረገው፣ እየዞረ «ክፉ፣ ደግ፣ ክፉ፣ ክፉ» እያለ ይቆጥራል። አባ «ቀስ!» ሲሉት ድምፁን ቀንሶ ቀጠለ።

በላዔ ሰብእ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። 78 ሰው የበላ ሰው ነው። ለአንድ የተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተቀመጠች፣ እመቤታችን በጥላዋ ሚዛኑን አጋደለችለት፣ ውሃው 78ቱን ነፍስ መዘነ። ልጄ «ይሄማ ፍትሕ አይደለም» አለ። እኔ ደነገጥኩ። አባ ግን አልተቆጡም። «ልክ ነህ፣ ፍትሕ አይደለም፣ ምሕረት ነው» አሉት። እስከ ዛሬ ያንን እያነሳ ይከራከረኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩን። ሥዕሉ ብዙው በቀጥታ ግድግዳው ላይ አልተሣለም፣ የጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። ስለዚህ እርጥበት፣ ምስጥ፣ የሌሊት ወፍ፣ የሰው ትከሻ፣ ሁሉም ጠላቱ ነው። እንዳትደገፉ። ልጆች ቦርሳ አዝለው አይግቡ፣ ዞር ሲሉ ይፍቁታል። ፍላሽ አትጠቀሙ።

ሦስተኛው ቀን የኔታ ዘንድ ሄድን። በዚህ ጉዞ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ልጄን የነካው እሱ ይመስለኛል። ከእሱ አንድ ዓመት የሚበልጥ ልጅ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ዳዊቱን በቃሉ ይለዋል። በቃሉ! 150ውን። ልጄ የማባዣ ሠንጠረዥ አልያዝ ብሎ የሚያስለቅሰኝ ነው። ተማሪዎቹ ቀን ቀን እህል ይለምናሉ፣ ማታ ብርሃን ሳይኖር የቃል ትምህርት ይቀጽላሉ፣ የተማረው ላልተማረው ያስተምራል። ከንባብ ቤት ዜማ፣ ከዜማ ቅኔ፣ ከዚያ መጻሕፍት። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ጉባኤ ቃና በሚባለው ይጀምራል፣ ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ግን ሰሙም ወርቁም እዚያች ውስጥ መግባት አለበት።

የእህቴ ልጅ «ሴት አይማርም?» አለች። ከክብራን ጀምሮ ልቧ ውስጥ የቀረ ጥያቄ ነው፣ ገባኝ። የኔታ ቶሎ አልመለሱላትም። ከዚያ «እማሆይ ገላነሽን ሰምተሻል?» አሏት። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እዚሁ ጎጃም ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ዓይናቸው አያይም ነበር። ስንት መምህር ከእጃቸው ወጥቷል። የእህቴ ልጅ ስማቸውን ጻፈችው፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

የኔታ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። ብር ከመስጠት ስኳር፣ ሳሙና፣ ደብተር ወይም እህል ብትይዙ ለተማሪው ይደርሳል። ፎቶ ሳይፈቀድ አታንሱ፣ በተለይ ሲለምኑ ያሉትን። ልጆች ናቸው፣ ትዕይንት አይደሉም።

ባሕር ዳር ከተመለስን በኋላ አንድ ነገር ጎደለኝ። ታንኳ። ሁሉንም ቦታ አየነው፣ ማንም እንዴት እንደሚሠራ አላሳየንም። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሠሪዎቹ እዚሁ ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ስማቸው በንቀት ሲጠራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፣ ታንኳው የሚሠራበትን ተክል፣ ደንገልን፣ እንደነሱ የሚያውቀው የለም። አንድ ሽማግሌ አግኝተን «ጋሼ፣ ለልጆቹ ያስተምሩልናል? የቀን ዋጋዎን እንከፍላለን» አልናቸው። ዞር ብለው አዩኝ። «ፎቶ ልታነሺ ነው?» «አይ፣ ሊሠሩ ነው።» «እንግዲያማ ነገ በጠዋት ይምጡ» አሉ።

ደንገሉ ከታጨደ በኋላ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል። ከዚያ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው ከነዶ ጋር በልጥ ይጠፈራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሲያዩት ቀላል ነው። ልጄ ያሰረው ነዶ ውሃ ሳይነካው ተበተነ። የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ሙከራዋ ላይ ያዘላት፣ እሳቸውም ጉልበታቸውን ጭነው ሞከሩትና «ይሄ ዓሣ ያወጣል» አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ታንኳ ውሃ ይጠጣል፣ ከሐይቅ ሲወጣ ቆሞ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቢበዛ ጥቂት ወራት ነው ዕድሜው። ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ደንገል ይፈልጋል። ደንገሉ ግን ከከተማው ዳርቻ እየሸሸ ነው፣ ዳርቻው እየታጠረ፣ እየታረሰ። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ደግሞ እምቦጭ አለ። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም አካባቢ ነው፣ ሐምራዊ አበባው ቆንጆ ነው፣ ልጆች ይቀጥፉታል። እንዳይወስዱት ንገሯቸው፣ ቅንጣቢው ሌላ ውሃ ውስጥ ከወደቀ እዚያም ይራባል። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጋሼን ስለዚህ ስጠይቃቸው «ሰምቻለሁ፣ ደንገሉንም ይመዝግቡልን» አሉኝ።

የቀሩ ጥቃቅን ነገሮች። ሐይቁ ዳር ልጆች እግራቸውን እንዳይነክሩ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ቀልድ አይደለም። ዘጌ ለምታድሩ አጎበር ያዙ። ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ፣ ወንዶች ቁምጣ አይሆንም፣ ጫማ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። በጾም ወቅት ከሄዳችሁ ምግብ ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ለልጆች ቆሎ ያዙ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ እዚያ አታንሱ፣ እኔ አንስቼ እስከ እኩለ ሌሊት አልተኛንም። ለተማሪ ጉብኝት ከሆነ አርባ ልጅ በአንድ ጊዜ አትጫኑ። አስር ልጅ ይዛችሁ አራት ጊዜ ሂዱ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ሄዶ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ስጡት። እንግዳ ያሳደረን ሰው ዘመድ ቢሆንም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ያስተማራችሁን ሰው ደግሞ የዋለበትን ክፈሉት።

ለፋሲካ እንመለሳለን። የእህቴ ልጅ በቅድሚያ እንጦስ ኢየሱስን ነው የምትፈልገው፣ የቀረባት እሷ ናት። ልጄ በላዔ ሰብእን ለሁለተኛ ጊዜ ከአባ ጋር ሊከራከርበት ነው። እትዬ ትናንት ደውለው ነበር። ምን ይዘን እንምጣ አልኳቸው። «ጤፍ» አሉ፣ «ቡናው ከእኔ።»